ገዳይም ይሰማ ዘንድ ይገባልን?

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን አባባል ዘወትር የምንጠቅሰው ለተበደለ ሰው ነው። ለበደለውስ፣ ይልቁንም ደም ላፈሰሰው፣ ይሠራልን? የደርግ ባለ ሥልጣናት የተዳኙበት ረጅም ችሎት ይህን ጥያቄ በአገራችን ፊት አቁሞታል።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ሚኒስትሮችንና የጦር መኮንኖችን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን በስብሰባ ወስኖ በጥይት አስገደለ። ክስ አልተነበበም፤ ጠበቃ አልቆመም፤ ምስክር አልተጠራም። በቀይ ሽብር ዘመንም «አብዮታዊ እርምጃ» የሚለው ቃል የክስን፣ የማስረጃንና የፍርድን ቦታ በአንድነት ያዘ።

ደርግ በግንቦት 1983 ከወደቀ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። የቀዳሚዎቹ 106 ተከሳሾች ችሎት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ተከፈተ፤ ወደ ዚምባብዌ የሸሹት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት ተከሰሱ። በሥልጣን ዘመናቸው ለማንም ጠበቃ ያልፈቀዱት ሰዎች መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ አቆመላቸው። ዐቃቤ ሕግ የሰበሰበው ሰነድ ከ300,000 ገጽ በላይ ነበር፤ የግድያ ትእዛዞችም የፈራሚዎቻቸውን ስም እንደ ያዙ በመዝገብ ቤት ተገኝተዋል። ከለሚ ኩራ በማይርቀው በኮተቤ ከአርጀንቲና የመጡ የአጽም ምርመራ ባለሙያዎች የጅምላ መቃብር ቆፍረው፣ የታነቁበት ገመድ ከአንገታቸው ያልወጣ ሰዎችን አጽም አገኙ።

ፊርማውና አጽሙ እየታየ ክርክሩ ለምን ያስፈልጋል? ብዙዎች በቁጣ ይህን ጠይቀዋል፤ ቁጣቸውም ይገባናል። ዳሩ ግን ሁሉን የሚያውቅ እግዚአብሔር እንኳ በቃየን ላይ ከመፍረዱ አስቀድሞ ስለ ወንድሙ ጠይቆታል፤ ክፉም ቢሆን መልሱን ሰምቶታል። ደግሞም ተከሳሽ በካደ ቁጥር ዐቃቤ ሕግ የእያንዳንዱን ሟች ስም፣ የተያዘበትን ቀንና የተገደለበትን ስፍራ ማስረዳት ግድ ሆነበት። «ፀረ አብዮት» ተብሎ በየመንገዱ የተጣለው ልጅ በመዝገብ ላይ ስሙን መልሶ ያገኘው ገዳዩ እንዲከራከር ስለ ተፈቀደለት ጭምር ነው።

ችሎቱ ነቀፋ የለበትም አንልም። ጥፋተኝነት የተወሰነው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999፣ ከ12 ዓመት በኋላ ነው፤ ፍርዱን ሳይሰሙ በእስር የሞቱ ተከሳሾች አሉ። ከዚህ የከፋው ግን አዋጁ የወደቀውን መንግሥት ሰዎች ብቻ መመልከቱ ነው። በሌላ ዓላማ ስም በየከተማውና በየጫካው የተገደሉትም እናት ነበራቸው። ይህን መናገራችን የተፈረደባቸውን ንጹሓን አያደርጋቸውም።

ፍርዱ በሙሉ ድምፅ አልተሰጠም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ከተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ሰፍቶ፣ የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም እንደ ዘር ማጥፋት ይቆጥር ስለ ነበር ሁለቱ ዳኞች በዚሁ ፈረዱ። ሦስተኛው ዳኛ በዚህ ነጥብ ተለዩ፤ የተለየ ሐሳባቸውም ከፍርዱ ጋር ተመዘገበ። ደርግ እንዲህ ያለውን ልዩነት አይታገሥም ነበር።

በጥር 1999 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ግንቦት 18 ቀን 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመንግሥቱና በሌሎች ላይ ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። የሃይማኖት አባቶች ስለ እስረኞቹ ከለመኑ በኋላ የሞቱ ቅጣት በ2003 ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ በ2004ም ብዙዎቹ ተፈቱ።

ሌላ ደም ባለመፍሰሱ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ነገር ግን ገዳይን 12 ዓመት በትዕግሥት የሰማች አገር፣ ይቅርታው ሲሰጥ የሟቾችን እናቶች ለስንት ቀን ሰማች? ማንም አላማከረንም ብለው ያዘኑ ቤተሰቦች ነበሩ። ኀዘናቸው ይቅር ማለትን እንደ መጥላት ተቆጠረባቸው፤ እኛ ግን እንደዚያ አናየውም። እነርሱ የጠየቁት አስቀድሞ ለገዳዩ የተሰጠውን ነው።