ለአዲሱ የጣና ጀልባ ነጂ

ልጄ፣ ጣና ላይ ሰው አሳፍረህ ልትሠራ ተነሥተሃል። ሞተር አያያዙን ጓደኞችህ ያሳዩሃል። እኔ የምመክርህ ስለ ቤንዚኑ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋው እሱ ላይ ነውና።

ሰው ተሳፍሮ ሳለ ቤንዚን አትቅዳ። ቸኩለናል ቢሉህ፣ ቢቆጡህም አስወርዳቸው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ሽቅብ ወጥቶ አይበተንም፣ ወርዶ በመቀመጫው ሥርና በጀልባው ወለል ላይ ይተኛል። ነፋሱ ከላይ ቢነፍስም እዚያ ታች አይደርስም። ሞተሩን ስታስነሣ ወይም አንዱ ሲጋራ ሲለኩስ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ስለዚህ ተነቃይ ታንክ ከሆነ ጀልባው ውስጥ እንዳለ አትሙላው፤ ወደ ዳር አውጥተህ መሬት ላይ አስቀምጠው። ቤንዚን ሲንቆረቆር ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ መሬት የነካ ዕቃ ይሻላል። እስከ አፉም አትሙላው፣ ፀሐይ ሲመታው መስፋቱ አይቀርም። ክዳኑን አጥብቀህ፣ የፈሰሰውን ጠርገህ፣ ጎንበስ ብለህ ወለሉን አሽትት። ከሸተተህ ሞተሩን አትንካ፤ ጀልባው ይናፈስ።

በሃይላንድ ፕላስቲክ ቤንዚን ይዞ መሳፈርን እኔ ጨርሶ አልወደውም። ይፈስሳል፤ ደግሞም የጠማው ሕፃን ውሃ መስሎት ያነሣዋል።

ሞተርህ ዘይት የሚቀላቀልበት ከሆነ ልኩን ከመመሪያው እይ። 50 ለ1 ካለ፣ ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። በዓይን ግምት አይሠራም፤ ዘይቱ ካነሰ ፒስተኑ ይነክሳል።

አሁን ዋናውን ስማኝ። የያዝከውን ቤንዚን ከሦስት ክፈለው፦ አንዱ እጅ መሄጃ፣ አንዱ መመለሻ፣ ሦስተኛው የማይነካ። ጠዋት እንደ መስተዋት የተኛው ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል፤ ማዕበሉን እየገፋ የሚመለስ ጀልባ ከሄደበት የበለጠ ይበላል። የተሳፋሪው ክብደት አለ። እምቦጭ አረም ውስጥ ከገባህ ደግሞ የሞተሩ ፕሮፔለር ይታሠራል፣ የማቀዝቀዣው ውሃ መግቢያም ይደፈናል። ለዘጌ የለመድከው ልክ ለደቅ አይበቃህም፤ ለጎርጎራማ ጭራሽ። ሐይቁ ከጫፍ ጫፍ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ውሃ መሃል ደግሞ ማደያ የለም።

መሃል ላይ ሞተሩ እያንገራገረ ከጠፋብህ፣ ቤንዚን አለቀ ብለህ ሳትደናገጥ የታንኩን ክዳን እይ። መተንፈሻዋ ተዘግታ ከሆነ ቤንዚኑ አይሳብም፤ ክፈታት፣ በቤንዚን ቱቦው ላይ ያለችውን የጎማ መምቻ እስክትጠነክር ጨምቃትና አስነሣ። ማታ ስታቆም ግን መተንፈሻዋን ዝጋት።

የጠረግህበትን ጨርቅ ሐይቁ ውስጥ አትጠብ፣ ትርፍራፊ ቤንዚንም አትድፋበት። በዳርቻው ያለው ሰው የሚጠጣው ይህንኑ ውሃ ነው፤ ዓሣ አሥጋሪውም የሚያድረው በዚሁ ነው። አደራ፣ አንተ ደግሞ ለሚከተልህ ልጅ ይህንኑ አሳየው።