ሕመሙ ሳይለይ፦ አንጎሉን ለታመመ ወላጅ የልጆች ድርሻ

በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ የታየ የአንጎል እብጠት ገና ስም የወጣለት በሽታ አይደለም። ምስሉ ቦታውንና መጠኑን ያሳያል፤ ምንነቱ በእርግጠኝነት የሚለየው ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ጥገና የተወሰደው ናሙና በፓቶሎጂ ሲመረመር ነው። ከአንጎል ሽፋን የሚነሣው ሜኒንጂዮማ በአብዛኛው ቀስ ብሎ የሚያድግና ወደ ሌላ አካል የማይዛመት ዕጢ ነው፤ ግሊዮብላስቶማ ግን ከክፉዎቹ ዕጢዎች ዋናው ነው። የቲቢ ተሕዋስ አንጎል ውስጥ የሚፈጥረው እብጠትም በምስል ሲታይ ዕጢ ሊመስል ይችላል፤ ዋና ሕክምናው ግን መድኃኒት ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ጭንቅላቱን ቀለል ያለ ምት ከተመታ ከሳምንታት በኋላ በአንጎሉ ሽፋን ሥር ደም ሊቋጥር ይችላል። መርሳቱ፣ መፍዘዙና መንገዳገዱ ዕጢ ቢያስመስለውም የራስ ቅሉ ተበስቶ ደሙ ሲወጣ ብዙው ታማሚ ያገግማል። ስለዚህ «ዕጢ ታየ» በተባለ ቀን ለቅሶ የሚቀመጥ ቤተሰብ ሐኪሙ ያልፈረደውን ይፈርዳል።

በፋግታ ለኮማ ወረዳ ከምትገኘው ከአዲስ ቅዳም የሚነሣ ታማሚ በሪፈር ወደ እንጅባራ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር፣ ሲብስም እስከ ጥቁር አንበሳ ይደርሳል። ቀጠሮው የሚረዝመው ባለሙያው ጥቂት በመሆኑ ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና ነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና የተጀመረው ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ ወጪው እንዲሸፈንለት የሪፈር ሰንሰለቱን መዝለል የለበትም። ፊልሙ፣ ሲዲውና የመድኃኒት ወረቀቱ በአንድ ቦርሳ ይቀመጡ፤ ሐኪሙን የሚያነጋግር አንድ ሰውም ይመረጥ። ራስ ምታቱ ከትውከት ጋር ከበረታ፣ ታማሚው አልነቃ ካለ፣ ከጣለው፣ አንድ ጎኑ ከዛለ ወይም ዓይኑ ከደከመ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

በዕጢው ዙሪያ ያለውን የአንጎል ማበጥ ለመቀነስ የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን በድንገት አይቋረጥም፤ ስኳር ያለበት ሰው ሲወስደውም የደም ስኳሩ በየጊዜው መለካት አለበት። የሚጥል በሽታ ክኒንም እንዲሁ አንድ ቀን አይዘለልም። ወደ ጠበል የሚሄድ ታማሚ ክኒኑን ይዞ ይሂድ። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በአደባባይ ማስተማራቸው ለዚህም ይሠራል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት መደበቅ ነው። ልጆች ሐኪሙን በር ላይ ጠብቀው «ለእሱ እንዳይነግሩት» ይላሉ። የሚሉት ከፍቅር ነው፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። አባት በልጆቹ ሹክሹክታ ነገሩን ይጠረጥራል፣ የሚያማክረው ግን ያጣል። የአንጎል ሕመም ደግሞ ሁሌ ጊዜ አይሰጥም፤ ንግግርን ወይም ማስታወስን ሊወስድ ይችላል። ዕዳና መሬትን መናገር፣ የንስሐ አባትን መጥራት፣ መናዘዝ፣ ከተጣሉት ጋር መታረቅ የሚቻለው አንደበት ሳለ ነው። እስከተረዳ ድረስም ለቀዶ ጥገናው መፍቀድ ወይም አለመፍቀድ የታማሚው መብት እንጂ የልጆቹ አይደለም። በመጀመሪያ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ እሱን መጠየቅ፣ ከዚያ በሚፈልገው ልክ እውነቱን፣ ያልታወቀውንም «ገና አልታወቀም» ብሎ መንገር ይገባል። ወላጁ ከአማርኛ ይልቅ የአገው ቋንቋ የሆነው አውኚ የሚቀናው ከሆነ የሚያስተረጉመው ልጅ የሐኪሙን ቃል አያለዝብ፣ የአባቱንም ጥያቄ አይዋጥ።

ገንዘብ ላይም ጥድፊያ ይጎዳል። በፋግታ ለኮማ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ የቤተሰቡ ባንክ ሆኖ ቆይቷል፤ ሳይደርስ በድንጋጤ ሲሸጥ ግን ለነጋዴ በርካሽ ይሄዳል። ከመሸጥ በፊት የቀዶ ጥገናው ዓላማ ይጠየቅ፦ ዕጢውን ሙሉ ለሙሉ ማውጣት ነው፣ ናሙና መውሰድ ነው ወይስ ግፊትን ማቅለል? ቢቀርስ ምን ይሆናል? ወደ ውጭ አገር የሚልክ ደላላ ከመስማት በፊትም ፊልሙን ለሌላ የአንጎል ሐኪም ማሳየት ይቀድማል።

የማስታመሙ ሸክም በአንዲት ሴት ልጅ ላይ መውደቅ የለበትም፤ ወንዶቹም ተራ ይግቡ፣ ደም ይለግሱ። ከቀዶ ጥገና በኋላ ወላጁ ቢቆጣ፣ ነገር ቢደጋግም ወይም ዝምታ ቢያበዛ የተጎዳው አንጎል ሥራ ሊሆን ስለሚችል፣ ቂም ሳይያዝበት ለሐኪሙ ይነገር። ቁስሉ ሲደርቅ ሕክምናው ያለቀ ይመስላል፤ የፓቶሎጂው ውጤት ግን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ጨረር ወይም ሌላ ሕክምና ያስፈልግ እንደሆነ የሚወሰነውም በእሱ ስለሆነ፣ ወረቀቱ የሚወጣበትን ቀንና የሚቀበለውን ሰው ሳይወስን ማንም ቤተሰብ ወደ አዲስ ቅዳም አይመለስ።