ልማትን መጠየቅ ልማትን መጥላት ነውን?



«ድሃ አገር መብራት ላስገባ፣ ፋብሪካ ላቁም ስትል ‹ባሕራችን ይበከላል፣ አየራችን ይመረዛል› እያሉ መንገድ የሚዘጉ ሰዎች ምን ይባላሉ?» ይህን ጥያቄ በጋዜጠኝነት ሥራዬ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ጠያቂዎቹን ክፉ ሰዎች አድርጌ አላያቸውም። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራው የሚቆምበት ልብስ ሰፊ፣ ልጇ በኩራዝ የሚያጠናባት እናት ይህን ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ በጥያቄው ውስጥ አንድ የተደበቀ ፍርድ አለ፤ ይኸውም ልማትን የጠየቀ ሁሉ የልማት ጠላት ነው የሚል ነው። የዛሬው ጽሑፌ ዓላማ ይህን ፍርድ መመርመር ነው።

ነገሩን በደፈናው ከማውራት ይልቅ በአንድ እውነተኛ ጉዳይ ላይ ብናሳርፈው ይሻላል። ላሙ በኬንያ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ የምትገኝ ጥንታዊት የሙስሊሞች ከተማ ናት። ቤቶቿ ከባሕር ኮራል ድንጋይና ከማንግሮቭ እንጨት የታነጹ ናቸው፤ በጠባብ መንገዶቿ ዛሬም ዕቃ የሚጓጓዘው በአህያ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ለእኛም ባዕድ አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 ኬንያን፣ ደቡብ ሱዳንንና ኢትዮጵያን የሚያገናኘው የወደብና የመንገድ ፕሮጀክት የመሠረት ድንጋይ ሲጣል የሦስቱም አገሮች መሪዎች በላሙ ተገኝተው ነበር።

ከዚህች ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ 1,050 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ እንዲሠራ ታቀደ። ወጪው 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ከሰሉም መጀመሪያ ላይ ከደቡብ አፍሪካ በመርከብ ሊመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ሰጠ። የላሙ ሰዎች ግን ጠየቁ። አመዱ የት ይደፋል? ከማመንጫው የሚወጣው ትኩስ ውሃ ባሕር ሲገባ ዓሣው ምን ይሆናል? ጭሱን የሚተነፍሱት ሕፃናትስ? «ሴቭ ላሙ» በሚባል ማኅበር ተሰባስበውም ፈቃዱን በመቃወም አቤት አሉ።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በላሙና በአካባቢዋ እንዲህ ያሉ ሥራዎችን የተቃወሙ ሰዎች ለዛቻ፣ ለድብደባና ለእስር መዳረጋቸውን፣ አንዳንዶቹም ከሽብርተኞች ጋር ግንኙነት አላችሁ መባላቸውን ዘርዝሯል። ዓሣ አጥማጅ ስለ ዓሣው ሲጠይቅ መልሱም ስለ ዓሣው መሆን ሲገባው፣ ስለ ታማኝነቱ ሆነ። ስንቶቻችን ነን ይህን ዓይነት መልስ የምናውቀው!

ሆኖም ሰዎቹ ሕግን አልለቀቁም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 2019 የኬንያ ብሔራዊ የአካባቢ ጉዳዮች ፍርድ ጉባኤ ፈቃዱን ሰረዘው። ጉባኤው ከሰል ፈጽሞ የተከለከለ ነው አላለም። ያለው፣ ነዋሪው በቂ መረጃ ተሰጥቶት በወጉ አልተመከረበትም፤ ጥናቱም የአገሪቱን የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ ከግምት አላስገባም ነው። በቀጣዩ ዓመት ዋናው አበዳሪ የቻይና ባንክ ራሱን አገለለ። ኩባንያው ይግባኝ ቢልም ማመንጫው ሳይሠራ ቀርቷል።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ እንመለስ። አንደኛው መከራከሪያ፣ «ጥቂት ሺህ ሰዎች ለሚሊዮኖች ጥቅም ቢጎዱ ምን አለ?» የሚል ነው። የፊቅህ ሊቃውንት አጠቃላይ ጉዳትን ለመከላከል ሲባል የተወሰኑ ሰዎችን ጉዳት መሸከም እንደሚቻል ማስተማራቸው እውነት ነው። ነገር ግን መርሁ የሚናገረው ጉዳትን ስለ መከላከል እንጂ ተጨማሪ ጥቅም ስለ ማግኘት አይደለም። ጥቅምና ጉዳት ሲጋፉ ደግሞ ጉዳትን መከላከል እንዲቀድም እነዚያው ሊቃውንት አስተምረዋል። ሌላ መንገድ እያለ ጎጂውን መምረጥም በግድ የሚታለፍ አይደለም። ኬንያ አብዛኛውን ኤሌክትሪኳን የምታገኘው ከከርሰ ምድር እንፋሎት፣ ከውሃና ከነፋስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮም ከእኛው አገር ትገዛለች። ከውጭ በሚመጣ ከሰል የዓሣ አጥማጁን ባሕር ማበላሸት «ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ዓይነት ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከበድ ይላል። «ባለጠጋ አገሮች መቶ ዓመት ሙሉ ከሰል አንድደው ከበለጸጉ በኋላ ድሃውን ለምን ይከለክሉታል?» ይባላል። ምሬቱ ትክክል ነው። አፍሪካ ለዓለም ሙቀት መጨመር ያደረገችው አስተዋጽኦ እጅግ ትንሽ ሆኖ ሳለ ድርቁና ጎርፉ ግን አይምራትም። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2022 ሻርም አል ሼኽ ላይ በተደረገው ጉባኤ ለተጎጂ አገሮች የኪሣራ ማካካሻ ፈንድ እንዲቋቋም የተወሰነው። ግን ይህ ሐቅ ባለጠጎችን ለመጠየቅ እንጂ የላሙን ሰው ለመጉዳት ማስረጃ አይሆንም። ባለዕዳው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ የሚሆንበት ፍርድ ምን ዓይነት ፍትሕ ነው? በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ቀላል ነው፤ አመዱ ከራሳችን ደጃፍ ቢደፋ ግን ይህን ያህል አንቸኩልም ነበር።

እኔ በበኩሌ የጉዳዩ እምብርት ምክክር፣ ማለትም ሹራ፣ ይመስለኛል። ሹራ ውሳኔው ካለቀ በኋላ ሰው ሰብስቦ ማስጨብጨብ አይደለም። እሺ ለማለትም እምቢ ለማለትም የሚያስችል እውቀት ለሰውየው መስጠት፣ ከዚያም ቃሉን መስማት ነው። ያልተነገረው ሰው ዝምታው ፈቃድ ተደርጎ አይቆጠርም። ከዚህም ሌላ ሊጠየቁ የማይችሉ አሉ፤ ገና ያልተወለዱ ልጆች፣ አንደበት የሌላቸው ፍጥረታት። የቀደሙት ሙስሊሞች በጉድጓድ ውሃ ዙሪያ «ሐሪም» የሚባል የተጠበቀ ክልል የደነገጉት የነገውም ጠጪ ባለ መብት መሆኑን ስለ ተረዱ አይደለምን? ምድር በእጃችን ያለች አማና ናት ካልን፣ አማና ደግሞ ተቀባዩ እንደ ፈለገ የሚያጠፋው ንብረት አይደለም።

ይህን ስል ግን ሚዛኑን ለጎረቤት ብቻ አቁሜ አይደለም። የእኛም መብራት ከወንዞቻችን ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው ጊቤ 3 ግድብ ሲሠራ፣ በታችኛው ኦሞ የወንዙን ሙላት ተከትለው የሚያርሱ ወገኖቻችንና በቱርካና ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች ዕጣ አነጋግሮ ነበር። ግድብ ከከሰል የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን የተሻለ መሆኑ ከመጠየቅ ነፃ አያደርገውም። ለላሙ ሰው የፈቀድነውን መብት ለኦሞ ሰው ብንነፍግ ፍርዳችን አድልዎ ነው።

በአንጻሩ ተሟጋቹም ግዴታ አለበት። ያልተረጋገጠ ወሬ ማራባት፣ ጉዳትን ማጋነን፣ መብራት ለሌለው ሰው አማራጭ ሳያሳዩ «አይሆንም» ብቻ ማለት አማናን መወጣት አይደለም። የላሙን ሰዎች ያስከበራቸው ማስረጃ ይዘው በትዕግሥት መቆማቸው ነው። መብራቱንም የጠሉ አይመስለኝም፤ የጠሉት በእነርሱ ሳንባ የሚከፈልበትን ዋጋ ነው። ስለዚህ በየሠፈራችን አንድ ፋብሪካ ወይም ቆሻሻ መጣያ ሲመጣ «አመዱ የት ይደፋል?» ብሎ የሚነሳውን ሰው በጠላትነት ከመፈረጃችን በፊት ጥያቄውን እንመልስለት። መልስ ካለን ያርፋል፤ መልስ ከሌለን ደግሞ ያዳነን እርሱ ነው።

አላህ እውነትን የሚጠይቁና እውነትን የሚመልሱ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።