ከሐበሻ ምድር ምን አያችሁ?



በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ (በ628 እ.ኤ.አ.) ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) እና አብረዋቸው የነበሩት ሙሃጂሮች ከሐበሻ በመርከብ ተመለሱ። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ያገኟቸው ኸይበር ላይ ነው፤ ኸይበር ገና መከፈቷ ነበር። ብዙዎቹ ከሄዱ ከአስር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በሰው አገር የወለዱ አሉ፣ በሰው አገር ወገናቸውን የቀበሩ አሉ።

ይህን ያህል ጊዜ ቆይቶ የመጣን ሰው እኛ ምን እንደምንጠይቀው ይታወቃል። ስንት ይዘህ መጣህ? ቤት ጀመርክ ወይ? ወረቀትህ ተስተካከለ? ትንሽ ጨዋታ ካማረን ደግሞ ስለ ፎቁና ስለ መንገዱ እንጠይቃለን። ከሐጅ የተመለሰውን እንኳ ስለ መካው የሰዓት ማማ ከፍታ የምንጠይቀው ይበዛል።

ነቢዩስ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን ጠየቁ? ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና ኢብኑ ማጀህ በሱነናቸው፣ በፊተን ምዕራፍ ያሰፈሩት ሐዲስ ይነግረናል። የባሕሩ ሙሃጂሮች በተመለሱ ጊዜ፣ በሐበሻ ምድር ካያችሁት አስደናቂ ነገር አትነግሩኝም ወይ ብለው ጠየቋቸው። መልሱን የሰጡት ከመካከላቸው ወጣቶቹ ነበሩ።

ልብ በሉ፣ የሚያወሩት አላጡም። የነጃሺ ችሎት ነበር። ጀዕፈር ከሱረቱ መርየም ሲቀሩ ንጉሡ ጺማቸው እስኪርስ ያለቀሱበት ቀን ነበር። ቁረይሾች በስጦታ አስታከው ሊያስመልሷቸው መጥተው አፍረው የሄዱበት ታሪክ ነበር። ባሕሩ ራሱ ነበር። ወጣቶቹ ግን ይህን ሁሉ ትተው ስለ አንዲት አሮጊት ነገሯቸው።

ተቀምጠን ሳለ፣ አሉ፣ ከመነኮሳታቸው መካከል የሆነች አንዲት አሮጊት ውኃ የሞላ እንስራ በራሷ ላይ ተሸክማ በአጠገባችን አለፈች። (በኛ አገር እናቶች እንስራን አብዛኛውን ጊዜ በጀርባቸው ነው የሚያዝሉት፤ ሐዲሱ ግን በራሷ ላይ ይላል።) አንድ የአገሩ ጎረምሳ እጁን በትከሻዎቿ መካከል አድርጎ ገፋት። በጉልበቷ ወደቀች፤ እንስራዋም ተሰበረ። ተነስታ ቆመችና ወደ እሱ ዞራ፣ አላህ ኩርሲውን የሚያኖርበት፣ የፊተኞቹንና የኋለኞቹን የሚሰበስብበት፣ እጆችና እግሮች የሠሩትን የሚናገሩበት ቀን ሲመጣ፣ የእኔና የአንተ ጉዳይ በእሱ ዘንድ ምን እንደሚሆን ያኔ ታውቀዋለህ አለችው።

ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እውነት ተናገረች፣ እውነት ተናገረች አሉ። ቀጥለውም፣ ከብርቱው ላይ ለደካማው ሐቁ የማይወሰድለትን ሕዝብ አላህ እንዴት ያጠራዋል ሲሉ ጠየቁ።

ሱብሓነላህ! ይህን ሐዲስ የኛ አገር ሰው ሆኖ ሲያነቡት ልብ ይነካል። ስለ ሐበሻ ስናወራ የነጃሺን ፍትሕ ነው የምንጠቅሰው፤ መጥቀሳችንም ትክክል ነው፣ በእሳቸው ዘንድ ማንም እንደማይበደል የመሰከሩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸውና። ነገር ግን በዚያው ንጉሥ ዘመን፣ በዚያው ምድር፣ ከውኃ የምትመለስ አንዲት አሮጊት ተገፍታ ወድቃለች። ንጉሡ ዙፋን ላይ ናቸው፤ መንገዱ ላይ የሉም። ከቤተ መንግሥት የወጣ ፍትሕ ውኃ መቅጃው ድረስ የሚደርሰው መንገዱ ላይ ባሉ ሰዎች በኩል ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሴትየዋ ሙስሊም አልነበረችም፤ የክርስቲያን መነኩሴ ናት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ማን ናት፣ ሃይማኖቷ ምንድን ነው ብለው አልጀመሩም። የተናገረችው ሐቅ ነበርና ሁለት ጊዜ አረጋገጡላት። እጅ እንደሚናገር፣ እግር እንደሚመሰክር በሱረቱ ያሲን የምንቀራው ነው። እኛ ወላይታ ውስጥ ያለን ሙስሊሞች ቁጥራችን ጥቂት ነው። ጎረቤታችን ፕሮቴስታንት ወይም ኦርቶዶክስ ነው፣ ገበያ የምንውለው ከእነሱ ጋር ነው። አንድ ሙስሊም ነጋዴ ከዳሞታ ተራራ ሥር ሸክም ይዛ የወረደችን እናት ሚዛን ላይ ቢያጎድልባት፣ የእኛ ወገን አይደለችም የሚለው ምክንያት የቂያማ ቀን አያስጥለውም። የተበዳይ ዱዓ በእሱና በአላህ መካከል ግርዶሽ የለውም።

አሁን ወደኛው መንገደኞች እንምጣ።

ከወላይታ ገጠር ተነስተው አዲስ አበባ የሚገቡ ልጆችን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ከቦዲቲ፣ ከአረካ፣ ከሁምቦ አካባቢ ይነሳሉ። መሬቱ ጠቧል፣ ቤተሰቡ በዝቷል። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው የሊስትሮ ሳጥን ይይዛሉ፣ ሎተሪ ያዞራሉ፣ ዕቃ ይሸከማሉ። ለአሥራ ሁለት ወይም ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አዲስ አበባ ውጭ አገር ናት፤ ቋንቋው ሌላ፣ ብርዱ ሌላ፣ ሰዉ ሌላ። በመስከረም፣ በጊፋታና በመስቀል ሰሞን ብዙዎቹ ይመለሳሉ፤ የሶዶ መናኸሪያ በእነሱ ይሞላል። አዲስ ጫማ ያደረገ አለ፣ ለእናቱ ሻሽ የገዛ አለ። ቤተሰብም ይደሰታል። ስንት እንዳመጣ ይጠየቃል። ምን እንዳየ ግን ማን ይጠይቀዋል?

እሱም እንደ እነዚያ ወጣቶች የሚነግረን አለው። ጫማውን አስጠርጎ ሳይከፍል ስለሄደው ሰውዬ ይነግረናል። ሳጥኑን በእርግጫ ስለመታው፣ ስሙን ሳይጠይቅ የብሔሩን ስም እንደ ስድብ አድርጎ ስለጠራው ይነግረናል። ምሳዋን ስላካፈለችው እናትም ይነግረናል፤ ደግ ሰው አልጠፋም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ሳይጠየቅ አይናገርም። ዝም ብሎ ሄዶ፣ ዝም ብሎ ይመለሳል። በሚቀጥለው ዓመት ታናሽ ወንድሙም ይከተለዋል፤ ቤት ውስጥ የተወራው ስለ ሻሹና ስለ ጫማው ብቻ ነዋ!

ከዐረብ አገር ስለሚመለሱት እህቶቻችንም ነገሩ ያው ነው። ባዶ እጇን መጣች የሚለው ወሬ ከእሷ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። የአስማእ ቢንት ዑመይስን (ረ.ዐ.) ታሪክ አስታውሱ። ከሐበሻ ስትመለስ ዑመር (ረ.ዐ.) በሂጅራ እኛ ቀደምናችሁ አሏት። ተቆጣች። እናንተ ከነቢዩ ጋር ሆናችሁ ረሃብተኛችሁን ሲያበሉ፣ ያላወቀውን ሲያስተምሩ ነበር፤ እኛ ግን በሩቅ ሰዎችና በጠላን ሰዎች ምድር ነበርን ብላ መለሰች። ጉዳዩንም ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወሰደችው። እሳቸውም አዳመጧት። ለዑመርና ለጓደኞቻቸው አንድ ሂጅራ፣ ለመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ነገሯት። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። ያየችውን ችግር እንደ ኪሳራ አልቆጠሩባትም።

ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ሱረቱል ከህፍን ስትቀሩ ሙሳና (ዐ.ሰ.) ኸዲር የተጓዙበትን ቦታ ረጋ ብላችሁ እለፉ። በዚያ ጉዞ ያጋጠማቸው ምን ነበር? ባሕር ላይ ሠርተው የሚያድሩ ሚስኪኖች ጀልባ፣ ጀልባውን ሊቀማ የሚመጣ ንጉሥ፣ እንግዳ አላበላም ያለች ከተማ፣ በዚያች ከተማም የሁለት የቲሞች ግድግዳ። የከተማዋ ገበያና ሕንፃ ምን እንደሚመስል ቁርኣኑ አልነገረንም። እንግዳ መከልከሏን ግን እስከ ዛሬ በየሳምንቱ እንቀራዋለን።

ሶዶም መንገደኛ የሚበዛባት ከተማ ናት። ወደ አርባ ምንጭና ወደ ጂንካ የሚወርደው ያልፍባታል፤ በየዓመቱ ከየክልሉ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚመጣ ተማሪ አለ። ሻንጣውን ይዞ ከአውቶብስ የወረደ ልጅ አሥር ብር በሚያስከፍል መንገድ መቶ ብር ቢጠየቅ፣ ያንን ይዞ ነው ወደ እናቱ የሚደውለው። የባጃጅ ሹፌሩ ሙስሊም ከሆነማ ነገሩ ይከፋል። ኢብኑ ሰቢል፣ መንገደኛው፣ በሱረቱ ተውባ ዘካ ከሚገባቸው ስምንቱ ወገኖች አንዱ ነው። አላህ ከገንዘባችን ድርሻ ያደረገለትን ሰው እኛ ከኪሱ እንወስድበታለን? አስተግፊሩላህ!

አዲስ አበባ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ ይህችን ስሙኝ። ኡሙ ኻሊድ (ረ.ዐ.) ሐበሻ ውስጥ የተወለደች ልጅ ናት። ሕፃን ሆና ስትመጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥለት ያለው ትንሽ ልብስ አለበሷትና «ሰናህ፣ ሰናህ» አሏት፤ በሐበሾች ቋንቋ ያማረ ማለት ነው። ከግዕዙ «ሠናይ» ጋር ያለውን ቅርበት ታያላችሁ። የአላህ መልእክተኛ ከስደት ለመጣች ሕፃን በለመደችው ቋንቋ አንዲት ቃል ፈለጉላት። ወላይትኛ «ሳሮ» ማለት ሰላም ማለት ነው። ጫማችሁን ለሚጠርገው ልጅ «ሳሮ» በሉት፤ ቀና ብሎ ያያችኋል። ስሙን ጠይቁት፤ ከዚያም ሒሳቡን ሳትከራከሩ ክፈሉት። ሰው ሲገፋው ካያችሁ ደግሞ ተነሱ፤ ሐዲሱ የመጨረሻ ጥያቄውን ያቀረበው ለገፊው ብቻ ሳይሆን ለሕዝቡ ሁሉ ነውና።

ሶዶና በየወረዳው ያላችሁ ወላጆች ደግሞ፣ ልጃችሁ ከመንገድ ሲመጣ እግሩን ይታጠብ፣ ይብላ፣ ይተኛ። ሲነሳ አጠገባችሁ አስቀምጡትና ያየውን እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ቢያለቅስ አታስቁሙት። የሰማችሁት ከከበደ፣ ሳጥኑን ይዞ ከመመለሱ በፊት የመስጂዱን ጀመዓ አማክሩ፤ ዘካችን ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ዛሬ ከዐስር በኋላ እስከ መግሪብ ያለችውን ሰዓት ዱዓ አድርጉባት። መንገድ ላይ ያሉ ልጆቻችንን በስማቸው እየጠራችሁ፣ አንድ በአንድ።