ንጉሥን ስለ ማክበርና እግዚአብሔርን ብቻ ስለ ማምለክ



በቅርብ ዘመን ተነሥተው በዓለም ከተሠራጩት አዲሳን እምነቶች መካከል የራስ ተፈሪያውያን እምነት የአገራችንን ነገር በቀጥታ ይነካል። ይህ እምነት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በኋላ በጃማይካ ደሴት በተናቁና በተጨነቁ ጥቁር ሕዝቦች መካከል ተነሥቶ፥ ወደ እንግሊዝ፥ ወደ አሜሪካና ወደ አፍሪካ ተሻገረ። ከተከታዮቹም ብዙዎቹ ንጉሠ ነገሥቱን እንደ አምላክ ያመልካሉ።

ነገር ግን በአምስት ኪሎና በአራዳ አካባቢ ሦስት ምስክሮች ቆመዋል። አንደኛው በአራዳ የሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ነው፤ በዚያ ንጉሠ ነገሥቱ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ከአቡነ ቄርሎስ እጅ ቅብዐ መንግሥትን ተቀበሉ። ተቀባይ እንጂ ሰጪ አልነበሩም። ሁለተኛው በአምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም የሚታየው ዙፋናቸው ነው፤ የሚቀመጥበት ግን የለም። ሦስተኛው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ያረፈው ዐፅማቸው ነው፤ እርሱም እንደ ማንኛችንም ትንሣኤ ሙታንን ይጠብቃል። ስመ ጥምቀታቸውም እንኳ የሥላሴ ኃይል ማለት እንጂ ሥላሴ ማለት አይደለም።

እንግዲህ እነዚህን ሰዎች እንዝለፋቸውን? አይገባም። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ነቢዩ ስለ ማን እንደሚናገር ባላወቀ ጊዜ ፊልጶስ አልዘለፈውም፤ በሠረገላው አብሮት ተቀምጦ፥ ከሚያነበው ቃል ጀምሮ ክርስቶስን ሰበከለት። እነዚህም በራእየ ዮሐንስ ስለ ይሁዳ አንበሳ አነበቡ፤ ይህንኑ ስም በነገሥታቶቻችን ማዕርግ ላይ አገኙት፤ የሚተረጉምላቸው መምህር ግን በአጠገባቸው አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1958 ዓ.ም. ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ፥ አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፥ ኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት፥ በ1962 ዓ.ም. ወደዚያ ተልከው ቤተ ክርስቲያናችንን መሠረቱ። ከዘውዱ ቀን እስከዚያ 39 ዓመት አልፎ ነበር፤ የንጉሡ ዝና ቀደመ፥ መምህሩ ዘገየ። መምህሩ በደረሰ ጊዜ ግን ብዙዎች በሥላሴ ስም ተጠመቁ፤ ስመ ጥሩው ዘፋኝ ቦብ ማርሊም በ1973 ዓ.ም. ተጠምቆ፥ በዚያው ዓመት ሲያርፍ በቤተ ክርስቲያናችን ጸሎት ተሸኘ።

ስለዚህ ካህናት አባቶችና ወንድሞች፥ ከሩቅ አገር መጥቶ በደጀ ሰላም የቆመ እንግዳ ባያችሁ ጊዜ፥ ማባረርም ሆነ ስሕተቱን እያወቁ በፈገግታ ማሳለፍ ያው ከፍቅር መጉደል ነው። ከጠጉሩ አትጀምሩ፤ ከጥያቄው ጀምሩ። የሚወደውን ንጉሥ አትንቀፉበት፤ ንጉሡ ራሳቸው የሰገዱለትን አሳዩት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።