ወለድ የቆመበት የዩኒቨርሲቲ ደጅ

አንድ በር ክፍት ነው የሚባለው መቼ ነው? ስላልተቆለፈ ብቻ ነው ወይስ ሰው ሃይማኖቱን ደጅ ላይ ሳይጥል ሊገባበት ስለሚችል? ውድ አንባብያን፣ ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ሊመስላችሁ ይችላል። በምኖርባት ለንደን ግን ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ያሰበ ብዙ ሙስሊም፣ ከአገራችን የመጡ ወንድሞችና እህቶች ጭምር፣ የሚጋፈጠው ጥያቄ ነው። እኔም ማመልከቻ ሳስሞላቸው ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝ በልጅነቱ በወጉ ያልተማረ ወይም ተሰዶ የመጣ ጎልማሳ ወደ ትምህርት የሚመለሰው በአብዛኛው በየአካባቢው ባለው ኮሌጅ በኩል ነው። ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ አናጺው፣ ፀጉር ሠሪው፣ እንግሊዝኛ የሚማረው ስደተኛ ሁሉ የሚገባበት ነው። ከዚያ ወደ ዲግሪ ከሚያሻግሩት መንገዶች አንዱ «አክሰስ» የሚባለው ዲፕሎማ ሲሆን የተጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። 60 ክሬዲት አለው፤ ሙሉ ቀን ለሚማር አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል። በስኮትላንድ ደግሞ ኮሌጁና ዩኒቨርሲቲው በተስማሙባቸው ዘርፎች የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲፕሎማ የያዘ ሰው በቀጥታ ዲግሪው ሦስተኛ ዓመት ላይ ሊገባ ይችላል። ልጆች አሳድጋ የጨረሰች እናት በአርባ ዓመቷ ነርስ እንድትሆን መንገድ የሚያበጅ ሥርዓት ሊመሰገን ይገባዋል። በአገራችን አንድ ፈተና የወደቀ ልጅ ምን ይባል እንደነበር የምናስታውስ ሰዎች ይህን ለማድነቅ አንቸገርም።

ችግሩ ያለው ገንዘቡ ላይ ነው። በእንግሊዝ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ጣሪያ በ2012 ዓመታዊ 9,000 ፓውንድ ደረሰ፤ በ2025 ደግሞ 9,535 ሆነ። መንግሥት ያበድራል፤ ብድሩ ግን ወለድ አለው። ከ2012 ጀምሮ የገቡ ተማሪዎች የዋጋ ንረቱና በላዩ እስከ 3 በመቶ ሲታሰብባቸው ቆይቷል። ከነሐሴ 2023 ወዲህ ትምህርት ለጀመሩት የዋጋ ንረቱ ብቻ እንዲታሰብ ተደረገ። የነርስ ተማሪዎችን ክፍያ በእንግሊዝ እስከ 2017 መንግሥት ራሱ ይሸፍን ነበር፤ ከዚያ በኋላ እነሱም ወደ ብድሩ ተላኩ። ከ2020 ጀምሮ የማይመለስ 5,000 ፓውንድ በየዓመቱ ይሰጣቸዋል፤ ክፍያውን ግን አይሞላም።

ከሁሉ የሚገርመው የአክሰሱ ነው። ለአክሰስ የሚወሰደው ብድርም ወለድ አለው፤ ይሁን እንጂ ተማሪው በኋላ ዲግሪውን ከጨረሰ ቀሪው ዕዳ ይሰረዝለታል። ልብ በሉ! በዚያ ብድር ተምራ ደጁ ላይ የደረሰች እህት ወደ ኋላ ብትመለስ የጀመረችው ዕዳ ይጠብቃታል፤ ወደ ፊት ብትሄድ ያ እንዲሰረዝላት ሌላ፣ ከፊተኛው የሚበልጥ የወለድ ውል ትፈርማለች። ሰባት ዓመት በአረጋውያን መጦሪያ የሠራች አንዲት እህት «ጋሼ፣ በሽተኛ ማስታመም ዒባዳ ነው ትሉናላችሁ፤ ማስታመሙን የምማርበት ገንዘብ ደግሞ ሐራም ነው ትሉናላችሁ፤ ታዲያ እኛ የት እንግባ?» ብላኛለች።

ዑለማኦቹ አልተስማሙም። አንዳንዶቹ ለችግር የተሰጠውን ፈቃድ ይጠቅሳሉ፤ የአውሮፓ የፈትዋና የምርምር ምክር ቤት በ1999 በምዕራቡ ዓለም ለሚኖር፣ ሌላ አማራጭ ላጣ ሙስሊም መኖሪያ ቤት በወለድ ብድር መግዛትን በቅድመ ሁኔታ መፍቀዱን ለትምህርትም ያመሳስሉታል። ሌሎች ወለድ ወለድ ነው፣ ሠርቶ አጠራቅሞ መማር ይቻላል ይላሉ። ከደመወዝ ላይ እንደ ግብር ስለሚቆረጥና ከዓመታት በኋላ ስለሚሰረዝ ብድር አይደለም የሚሉም አሉ። እኔ ሙፍቲ አይደለሁምና በዚህ መካከል አልገባም። ሆኖም አጠራቅሙ የሚለውን ምክር የሚሰጡ ሰዎች የለንደንን የቤት ኪራይ ከፍለው ያውቁ እንደሆን መጠየቄ አልቀረም።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። «ለሁሉም የቀረበው ውል አንድ ነው፤ አልፈርምም ያለ በምርጫው ነው» የሚለውን ክርክር ሰምቻለሁ። እውነት ይህ እኩልነት ነውን? አንዱን ምንም የማያስከፍለው ፊርማ ሌላውን ኅሊናውን የሚያስከፍለው ከሆነ ወረቀቱ እንጂ ውሉ አንድ አይደለም። ይህን ደግሞ የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ መንግሥትም አምኖበታል። በ2014 በተካፉል መርህ ላይ የቆመ፣ ተማሪዎች ከጋራ ገንዘብ ተረድተው በኋላ ለተከታዮቻቸው የሚያዋጡበት ሐሳብ ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። በ2017 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግም ይህን ለመጀመር የሚያስችል ሥልጣን ሰጠው። ሕጉ ከወጣ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2024 እንኳ፣ በዚህ መንገድ የተማረ አንድም ተማሪ አልነበረም። አንድን በደል በደል መሆኑን አምኖ ማዘግየት ከመካድ ይሻላልን? እኔ አይመስለኝም፤ የካደን ሰው ቢያንስ መከራከር ይቻላል።

መንግሥትን መውቀስ ግን ቀላሉ ሥራ ነው። መስጊድ ለመግዛት በረመዳን አንድ ሌሊት የሚሰበሰበውን ገንዘብ ዓይቻለሁ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ይሰብሰብ። ግን እስቲ እናስላ። የሦስት ዓመት ዲግሪ በ9,535 ሒሳብ 28,605 ፓውንድ ነው። አንድ መቶ ቤተሰብ በወር 24 ፓውንድ ቢያዋጣ በዓመት 28,800 ይሆናል። አንድ መቶ አባወራ በየዓመቱ አንድ ተማሪ ያለ ወለድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊያስተምር ይችላል ማለት ነው። ቀርደል ሐሰን ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ይመለሳል፣ ሌላው ይማርበታል። ይህን ባነሳሁ ቁጥር የሚቀርብልኝ መልስ «ማን አመነና? ቢክዱስ?» የሚል ነው። ይህን የሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ዕቁብተኞች ናቸው፤ በየወሩ ከዚያ የሚበልጥ ገንዘብ ያለ ደረሰኝ፣ በቃልና በዋስ ብቻ ለዳኛው ያስረክባሉ።