ያልበላ አይከፍልም

አብሮ መንገድ የወጣ ሰው ለባልንጀራው ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ብዙዎቻችን ብንጠየቅ “ድርሻውን ይክፈል፣ በሰዓቱ ይገኝ፣ ሰው አያስቸግር፤ ከዚያ ወዲያ ምን አለበት?” ማለታችን አይቀርም። እኛም እንዲሁ እንል ነበር። በ2010 ዓ.ም. የገና ሰሞን ወደ ላሊበላ ያደረግነው ጉዞ ግን ይህን መልስ ከአፋችን ነጠቀን። የሆነውን እንናገርና የደረስንበትን ያህል ከአንባቢ ጋር እናስባለን።

አምስት ነበርን፤ አራት ጓደኛሞችና የአንዳችን እናት። እናቲቱን ሁላችንም “እትዬ” እንላቸዋለን። ላሊበላን ለመሳለም ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙ የኖሩ ናቸውና “ይዘንዎት እንሄዳለን” ብለን ቃል ገባን። ከመነሣታችን በፊት ተሰብስበን ደንብ አወጣን። አንደኛ፣ ለመኪናና ለአልጋ በነፍስ ወከፍ 1,500 ብር ይዋጣል። ሁለተኛ፣ የምግብ ሒሳብ በየማዕዱ ለበሉት ተካፍሎ እዚያው ይከፈላል፤ ያልበላ አይከፍልም። ሦስተኛ፣ እትዬ እናት ስለሆኑ አያዋጡም፤ የምግባቸውንም እኛ እንችላለን። ይህን ሁሉ በደብተር ጽፈን አንዳችንን ሒሳብ ያዥ አደረግን። እውነቱን ለመናገር በደንባችን ኮርተን ነበር። በሒሳብ የተነሣ ተኳርፈው የተመለሱ ስንት ጓደኛሞች አይተናል፤ የኛስ እንከን የለውም አልን።

ታኅሣሥ 25 ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ተነሣን። የደብረ ብርሃንን ብርድ ተንቀጥቅጠን አለፍን፤ የጣርማበርን ዋሻ ወጥተን በደብረ ሲና ቁልቁል ወረድን፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሹራባችንን አወለቅን። ወቅቱ ጾመ ነቢያት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ኮምቦልቻ ላይ በያይነቱ አዘዝን። አንደኛው ጓደኛችን “እኔ እስከ ማታ እጾማለሁ” አለ። “መነኮስክ እንዴ?” ብለን ሳቅንበት። እሱም አብሮን ሳቀ። ሒሳቡ ለሦስት ተካፈለ።

ደሴ ስናድር የበዓል መንገደኛ በዝቶ የአልጋው ዋጋ ከገመትነው በላይ ሆኖ ተገኘ። ሒሳብ ያዡ በነፍስ ወከፍ 200 ብር ጨምሩ አለን፤ ጨመርን። ያም ጓደኛችን ጨመረ። እራት ሲቀርብ ግን “ሆዴ ልክ አይደለም” ብሎ ቀድሞን ተኛ። ሒሳቡ አሁንም ለሦስት ተካፈለ። ደብተሩ እስከ ሳንቲሙ ድረስ ትክክል ነበር።

በማግሥቱ ወልድያን አልፈን ዳገቱን ወጣንና መኪናው ጋሸና ላይ ለዕረፍት ቆመ። እትዬ ሰዓት አስጠየቁና የስንቃቸውን ቋጠሮ ፈቱ፤ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ። በሶውን በጣሳ በጥብጠው ለዚያ ጓደኛችን ሰጡት። “እንካ ልጄ፣ ይኸ ስንቅ የስዕለት ነው። መንገደኛ ካልቀመሰልኝ ስዕለቴ አይደርስልኝም። እነዚህ ትናንትም ሲበሉ ነው የዋሉት፤ የነሱ አይቆጠርልኝም። አንተ ጠጣልኝ” አሉት። አቀርቅሮ ተቀበለ። ጣሳውን እንዴት አድርጎ እንዳጋባው ስናይ፣ የቀረነው ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባን። ማንም ትንፍሽ አላለም። ሒሳብ ያዡ ደብተሩን ቦርሳው ውስጥ ከተተው፤ ከዚያ ወዲያ እስክንመለስ ድረስ አላወጣውም።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው ከየት ላይ ነው? ጓደኛችንን ማንም አልበደለውም። “አትብላ” ያለው የለም። ደንባችንም ለሚያየው የፍትሕ ደንብ ነው፤ ማንም ለሌላው ሆድ እንዳይከፍል የተበጀ ነው። ነገር ግን ለረኃቡ በር የከፈተለት ያው ደንብ ሆነ። እኛ “ያልበላ አይከፍልም” ስንል፣ ኪሱ የጎደለው ሰው የሰማው “የማይከፍል አይበላም” የሚለውን ነው። ቃሉን ስንጽፍ ከፊት ብቻ አነበብነው፤ እሱ ከኋላ አነበበው።

አንድ ሌላ ነገር እናስታውስ። በመንገዱ ሁሉ የእትዬን ሻንጣ ተራ በተራ ስንሸከም ነበር። ማንም “እኩል እንሸከም እንጂ” አላለም። ጉልበታቸው እንደ ደከመ በዓይናችን አየና! ለደከመ ጉልበት እኩልነትን በደስታ ጣስን፤ ለደከመ ኪስ ግን አልጣስንም። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። ጉልበት ሲደክም ያነክሳል፤ ኪስ ሲደክም ግን ባለቤቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” እንላለን። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሃምሳዎቹ መካከል ያንዷን ሎሚ ክብደት እንኳ የማይችል ክንድ ቢኖርስ ብሎ አይጠይቅም። 200 ብር ለሒሳብ ያዣችን የኪስ ገንዘብ ነበረች፤ ለዚያ ጓደኛችን የሦስት ቀን ጉርሱ ነበረች። ከሁለቱ እጅ የወጣው እኩል ነው፤ የጎደለባቸው ግን እኩል አይደለም።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። አሪስቶትል ስለ ፍትሕ በጻፈበት በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር አምስተኛ መጽሐፍ፣ ቁጥርን ከቁጥር የሚያስተካክለውን እኩልነትና እንደየሰዉ መጠን የሚሰጠውን እኩልነት ለይቶ አስቀምጧል። በስምንተኛው መጽሐፍ ደግሞ ጓደኛሞች ከሆኑ ወዲያ ፍትሕ እንደማያስፈልጋቸው፣ ፍትሕ ያላቸው ሰዎች ግን ገና ጓደኝነት እንደሚቀራቸው ይናገራል። ወንጌልም ሁለት ሳንቲም ያገባችውን መበለት ከባለጠጎቹ አብልጣ ሰጠች ሲል የሚቆጥረው የወጣውን አይደለም፤ የቀረውን ነው። ሩቅ ሳንሄድ ገበሬያችን ሁለቱን ነገር ለይቶ ያውቃል። ወንፈል የሚቆጠር ነው፤ አንድ ቀን ለሠራህልኝ አንድ ቀን እሠራልሃለሁ። ደቦ ሲጠራ ግን ማን ስንት ነዶ እንዳጨደ ደብተር ይዞ የሚቆም የለም፤ ሁሉም እንደ ጉልበቱ ሠርቶ ካንድ ማዕድ ይበላል። ወንፈልም ጥሩ ነው፤ እቁብም ያለ ቁጥር አይቆምም። የኛ ስሕተት ደቦ ጠርተን ወንፈል መቁጠራችን ነበር።

“ታዲያ ቁጥሩ ከተተወ ብልጣ ብልጡስ?” የሚል ይኖራል። ገንዘብ እያለው “የለኝም” ብሎ በሰው ጫንቃ የሚጓዝ መቼም አይጠፋም። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ደንባችንንም የወለደው ይኸው ፍርሃት ነው። ነገር ግን ሁለቱን ስሕተት ጎን ለጎን አስቀምጠን እንመዝናቸው። ቁጥር ያላቃ እንደሆነ፣ አንድ ብልጥ የማይገባውን ምሳ ይበላል። ቁጥር የጠበቀ እንደሆነ፣ አንድ እውነተኛ ጓደኛ እያየነው ይራባል። ከሁለቱ አንዱን ስሕተት መሳሳታችን ካልቀረ፣ በየትኛው ተሳስተን ሌሊት እንቅልፍ ይወስደናል? እኛ መልሳችንን ጋሸና ላይ አግኝተናል።

ላሊበላ ስንገባ መንገዱ ዳር የከተማው ሰዎች ውኃና ሳፋ ይዘው በእግራቸው የመጡትን ምእመናን እግር ሲያጥቡ አገኘን። በባዶ እግራቸው የብዙ ቀን መንገድ የመጡ ሽማግሌ ተቀምጠው፣ አንዲት ወጣት አጎንብሳ ታጥባቸዋለች። ከየት እንደመጡ፣ ስንት እንዳላቸው አትጠይቅም። ሽማግሌውም አላፈሩም፤ መረቋት። ማን ሰጪ ማን ተቀባይ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግር ነበር። ያን ጊዜ የእትዬ ነገር ተገለጠልን። ለጓደኛችን በሶ ብቻ አልሰጡትም፤ የሰጪነቱንም ቦታ ጨምረው ሰጡት። “ብላ” አላሉትም፣ “ብላልኝ” አሉት። አንዲት “ልኝ” የሰውን ክብር ተሸክማ ዳገቱን ወጣች።

ነገር ግን እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ከተመለስን በኋላ ልጃቸው እንደነገረን፣ እትዬ ምንም ስዕለት አልነበረባቸውም። እንግዲያስ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስድ መንገድ ላይ የተነገረ ውሸት ነው ማለት ነው? በዚህ ተከራከርን። አንዳችን “ለበጎ የተነገረም ቢሆን ውሸት ውሸት ነው፤ ሰውን በማያውቀው ነገር ባለዕዳ ያደርጋል” አለ። ሌላው “የተራበን ሰው አዋርዶ ከሚያበላ እውነት፣ አክብሮ የሚያበላ ውሸት ይሻላል” አለ። ክርክሩ አላልቅ ሲል ባለጉዳዩን ራሱን ጠየቅነው። “እትዬ እንዳወቁብኝ አውቄያለሁ” አለን። “እንዳወቅሁባቸውም ያውቃሉ። ስለዚህ ማን ማንን ዋሸ? እኔን የከበደኝ እሱ አይደለም፤ ረኃቡም አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ ‘መነኮስክ’ ብላችሁ ስትስቁ አብሬያችሁ መሳቄ ነው።”

ይህን ከሰማን በኋላ የክርክሩ መልክ ተለወጠ። ሰሙን ለጆሮ ወርቁን ለልብ አድርገው ሁለቱ ሲነጋገሩ የተታለለ የለም። የተታለልነው እኛ ነን፤ ያታለለንም ሰው የለም፤ ራሳችን ነን። የእትዬ ብልሃት የዋለው የኛን ጉድለት ለመሸፈን ነው። ጓደኛችን “የለኝም” ማለት ቢችል ኖሮ ስዕለትም አያስፈልግም ነበር። “የለኝም” ያላለው ደግሞ ኩራተኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የሚናገርበትን ቦታ አልተውንለትም። ደንብ ስናወጣ “ሁላችሁም ተስማማችሁ?” ብለን በሰው ፊት ጠየቅን። በሰው ፊት ለተጠየቀ ድሀ “ተስማማሁ” ከማለት ሌላ ምን መልስ አለው?

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን ከማቅረባችን በፊት እሱ እንዲያነበውና እንዲፈቅድ ሰጠነው። ፈቀደ። አንድ ነገር ግን አሳየን። “እስከ ጋሸና ድረስ ‘እኛ’ እያላችሁ የምትጽፉት ሦስታችሁን ነው፤ እኔ ‘ያ ጓደኛችን’ ነኝ” አለ። እውነቱን ነው። ልናርመው አስበን ተውነው፤ የሆነው እንዲያ ነበርና።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አምስታችንም ወደ ወንጪ ሐይቅ ሄድን። በዚያ ጊዜ ደብተር አልያዝንም። ከመነሣታችን በፊት የጨርቅ ከረጢት አዞርን፤ እያንዳንዱ እጁን ጨብጦ ያስገባል፣ ባዶ እጁንም ቢሆን ጨብጦ ያስገባል፣ ማን ስንት እንዳገባ አይታወቅም፤ በቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ሲዞር እንደሚደረገው ማለት ነው። ከዚያም ቆጠርነው። ከሚያስፈልገን ያነሰ ሆነ። መቼም ሁልጊዜ እንዲህ ያለው ነገር አይሞላም፤ ይሞላል ብለን አናታልልም። በመካከላችን ብልጣ ብልጥ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ እስከ ዛሬ አናውቅም፤ ልናውቅም አልፈለግንም። የጎደለውን ማንም እንዲሞላ አልጠየቅንም። ሁለት ሌሊት ልናድር የነበረውን አንድ አደረግን። በፈረስ ልንወርደው ያሰብነውን ቁልቁለት በእግራችን ወረድን፤ ፈረስ የተከራየነው ለእትዬ ብቻ ነው።

እንግዲህ እስከ አሁን የደረስንበት መልስ ይኸ ነው። አብሮ የወጣ ሰው ለባልንጀራው ያለበት ዕዳ እኩል መክፈል አይደለም፤ አብሮ መድረስ ነው። መንገዱ ለአንዱ ከከበደ፣ ሰውየውን ለመንገዱ ልክ ከማሳነስ መንገዱን ለሰውየው ልክ ማሳጠር ይሻላል። እትዬ ስንቃቸውን ወንጪም ይዘው መጥተው ነበር። ሐይቁ ዳር ቋጠሮውን ሲፈቱ “ዛሬ ስዕለት የለብኝም፤ እንዲሁ ብሉ” አሉን። አምስታችንም በላን።